እሸቴ የማን ቤት ነው?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የሁለት ፊደል ልዩነት ነው። ባሕር ማዶ የሚኖር አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከሴት ልጁ ጋር ሆኖ፣ በከተማቸው ካለ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የእናቱን አገር እስቴን በስም ማውጫው ውስጥ ይፈልጋል። እስቴን ለማያውቃት አንባቢ፣ በደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ ግርጌ ተነስታ ወደ ዓባይ የምትወርድ፣ ከጋይንትና ከስማዳ ጋር ዳር ለዳር የተያያዘች አገር ናት። በፈረንጅ ፊደል ስትጻፍ አራት ፊደል ብቻ ናት፤ ሁለት ቢጨመርላት እሸቴ ትሆናለች። አባትና ልጅ እስቴን አጧት። በምትኩ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ፣ በአንድ ርእስ ሥር የተደረደሩ እሸቴዎችን አገኙ፤ አንዱ ዘፋኝ፣ አንዱ የሸክላ አሳታሚ፣ አንዱ ፈላስፋ፣ አንዷ ሯጭ፣ አንዱ ደግሞ የምኒልክ ዘመን ባለቅኔ።

የልጅቱም «የቤተሰብ ስም» እሸቴ ነው። በተወለደች ጊዜ የቀረበላቸው ቅጽ ላይ ባዶ ሆኖ ሊቀር የማይችል ሳጥን ነበርና፣ ጓደኛዬ ትንሽ አሰብ አድርጎ የአባቱን ስም ጽፎ አስረክቧል። እናም ልጅቱ በእነዚያ ስሞች ላይ ጣቷን እያሳለፈች «አባዬ፣ እነዚህ ሁሉ ዘመዶቻችን ናቸው?» አለችው።

ጓደኛዬ ይህን የጻፈልኝ እንድስቅ ነው። ሳቅሁም። ካደረ በኋላ ግን ነገሩ አላስቅ አለኝ። ልጅቱ የጠየቀችው እኮ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን አስቂኝ ያደረገው እሷ ሳትሆን፣ አምስት ሰዎችን ከአምስት ቦታ ሰብስቦ በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጣቸው ማውጫ ነው። ስለዚህ የቤቱን በር ከፍቼ ነዋሪዎቹን አንድ በአንድ ልያቸው ብዬ ተነሳሁ።

በዘመን የሚቀድሙት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ጥበብ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው፣ እዚያው እያሉ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ የኢትዮጵያ ዜማ በሸክላ የተቀረጸበት ታሪክ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ኋላ ከልጅ ኢያሱ ጋር የነበራቸው ቅርበት፣ የአፋቸው ፍጥነትና የግጥማቸው ሰምና ወርቅ ዛሬም በጨዋታ መካከል ይነሳል። እኚህ ሰው ለአባታቸው ለእሸቴ ልጅ ናቸው። አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ፤ የእሳቸው ልጅ እሸቴ አይባልም። የእሳቸው ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ነው።

ይድነቃቸው ተሰማን የማያውቅ የኳስ ሰው የለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ የቡድኑ አሠልጣኝ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስም በቤት የሚወረስ ቢሆን ኖሮ «ይድነቃቸው እሸቴ» ተብለው ከአባታቸው ጋር በአንድ መስመር ይቀመጡ ነበር። ማውጫው ግን ባለቅኔውን እሸቴ ዘንድ፣ ስፖርተኛውን ተሰማ ዘንድ አስቀምጦ አባትና ልጅን ባዕድ አድርጓቸዋል። በዚያው ገጽ ላይ ባዕዳኑን ወንድማማች አድርጓል። ከዚህ የበለጠ ስህተት ለመሥራት ሆን ተብሎ ቢታሰብ እንኳ የሚቻል አይመስለኝም።

ባዕዳኑ እነማን ናቸው? ሁለቱን እናንሳ። በ1961 ዓ.ም. አቶ አምሃ እሸቴ የሚባሉ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ወጣት የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ «ከፈለጉ ይሰሩኝ» ብለው ይመስላል፣ በራሳቸው ስም ኩባንያ አቋቁመው ሸክላ አሳተሙ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር። አምሃ እሸቴ አሳታሚ፣ አለማየሁ እሸቴ ዘፋኝ! የውጭ አገር ሰው ይህን አይቶ «ወንድሙን አስቀድሞ አሳተመለት» ቢል እንዴት እፈርድበታለሁ? ወንድማማቾች ግን አይደሉም። አለማየሁ በ1933 ዓ.ም. ደሴ የተወለደ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገ፣ በጸጉሩ አበጣጠርና በመድረክ ንቅናቄው «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለ ድምፃዊ ነው። አምሃ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳትመው፣ የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ሌሊት ለኛ አቆይተውልናል። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ በወራት ልዩነት አረፉ። ስማቸው ማገናኘት ያቃተውን ሞት አገናኘው ልል አሰብኩና ተውኩት፤ ያገናኛቸው ሥራቸው ነው። የቀረው ግጥምጥሞሽ ነው።

እንግዲህ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ታላቅ ተከታታይ ስብስብ ውስጥ ዘጠነኛው ቅጽ የአለማየሁ እሸቴ ነው፤ ሃያ ሰባተኛው የተሰማ እሸቴ። በመካከላቸው ስድሳ ዓመት አለ። አንዱ በማሲንቆ ዓለም፣ ሌላው በሳክስፎንና በኤሌክትሪክ ጊታር ዓለም። አንድ ጊዜ በባሕር ማዶ የሸክላ መሸጫ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ክፍል ተሰክተው አይቻለሁ። ለስብስቡ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ግማሹን ሸክላችንን አይጥ በበላው ነበር። መደርደሪያው ላይ ግን ያየሁት የሁለት ዘፋኞችን ሥራ ሳይሆን እሸቴ የሚባሉ ሁለት የማላውቃቸው አባቶችን ነው። ዘፋኞቹ በራሳቸው ስም አልተጠሩም። የተጠሩት አባቶቻቸው ናቸው፤ አባቶቹ ደግሞ አልዘፈኑም።

ፕሮፌሰር እንድርያስ እሸቴን ለማስተዋወቅ ብዙ ቃል አያስፈልግም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፍልስፍና ያስተማሩ፣ ኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሊቅ ናቸው። እዚህ ያሉ ተማሪዎቻቸው «ፕሮፌሰር እንድርያስ» ይሏቸዋል፤ በውጭ አገር መጽሔት ግርጌ ማስታወሻ ላይ «እሸቴ» ናቸው። አንድ ሰው በሁለት አገር በሁለት ስም መጠራቱ ብዙም ላይገርም ይችላል። የሚገርመኝ የኛው ልጆች በኛው ዩኒቨርሲቲ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጽፉ «እሸቴ እንዳስረዳው» ማለት መጀመራቸው ነው። እሸቴ ምንም አላስረዳም፤ ያስረዳው ልጁ ነው። አባት መጽሐፍ እንዲጽፍ የተደረገባቸውን ጥናቶች ስቆጥር፣ ማረሻ እንጂ ብዕር ጨብጠው የማያውቁ ስንት አባቶች በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ሊቅ ሆነው እንደተቀመጡ አስቤ ፈገግ እላለሁ።

አምስተኛዋ ሯጭ ናት፤ ሽታዬ እሸቴ። በ1982 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ ለባሕሬን ትሮጣለች፤ በለንደኑ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ስድስተኛ ወጥታለች። በመድረኩ ሰሌዳ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ግን የአባቷ ስም ነበር። ይህ የሁሉም ሯጮቻችን ዕጣ ነው። ኃይሌ በዓለም አንደበት «ገብረ ሥላሴ» ነው፤ ቀነኒሳ «በቀለ» ነው። ገበሬ አባቶች ስማቸው በሪከርድ መዝገብ ሲሰፍር ማየት ደስ ይላል፤ ይህን አልክድም። ከታዛቢ አንጻር ካየሁት ደግሞ እነ ጥሩነሽን፣ ገንዘቤንና እጅጋየሁን ዲባባ የሚለው ስም በትክክል እህትማማች ያደርጋቸዋል፤ ቀነኒሳንና ታሪኩንም እንዲሁ። ስሙ ለአንድ ትውልድ ያህል ቤት ሆኖ ያገለግላል። ለሁለተኛው ትውልድ ግን ጣሪያው ይነሳል። የጥሩነሽ ልጆች ዲባባ አይደሉም።

አሁን ወደ ስሙ ራሱ ልግባ፤ ምክንያቱም ሽታዬ እሸቴ የሚለውን ስም በአማርኛ ጆሮ ለሰማው ሰው ሁለት ቃል ሳይሆን ሁለት ጊዜ የተጠራ ፍቅር ነው። ሽታዬ፣ መዓዛዬ ማለት ነው። እሸቴ፣ የኔ እሸት። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ያለችው «ዬ» እና «ኤ» የባለቤትነት ምልክት ናት፤ ስሙን ያወጣው ሰው እጁን በሕፃኑ ላይ ጭኖ «የኔ» እያለ ነው። አለማየሁም «አዲስ አበባ ቤቴ» ብሎ ሲዘፍን ያችኑ «ኤ» ይዟት ነው የዘፈነው። የውጭ ሰው ስም ብሎ የሚያነበውን እኛ የምንሰማው የተነገረ ቃል አድርገን ነው።

ታዲያ እሸት ምንድን ነው? የከተማ ልጅ በቆሎ ጥብስ ብቻ ሊመስለው ይችላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን እሸት የቀን መቁጠሪያ ነው። በደጋው ገብስ፣ ባቄላና አተር፤ በቆላው ጤፍና ማሽላ። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት፣ እናት ሊጡን የምታቀጥንበት፣ እንግዳ የሚፈራበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ገና ያልደረቀው ባቄላ ከማሳው ይቀጠፍና ይበላል፤ ገብሱ ራሱን ሲያወጣ በፍም ይለበለብና በመዳፍ ታሽቶ ይበላል። የረሃቡ መጨረሻ ይህ ነው። እሸት ማለት ምርት አይደለም፤ የምርት ተስፋ ነው፤ ገና አልበሰለም፣ ገና አልተወቃም፣ በረዶ ሊመታው፣ ዝንጀሮ ሊገባበት ይችላል። ግን ይበላል። በወንጌሉ ደቀ መዛሙርት በሰንበት ማሳ ውስጥ ሲያልፉ ተርበው የቀጠፉት፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እሸት» ያለው ይኸንኑ ነው። ረሃብና እሸት ከጥንት ጀምረው አብረው የሚሄዱ ናቸው።

እነዚህ ወረዳዎች በ1977 ዓ.ም. ያዩትን እናውቃለን። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት መዝገብ ውስጥ የነበሩ፣ ገበሬው እርከን እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበልባቸው የኖሩ አካባቢዎች ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ልጁን «እሸቴ» ብሎ የጠራ አባት ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። ልጁ የተወለደው በመስከረም ወይም በጥቅምት ሊሆን ይችላል። ወይም ከእሱ በፊት ሁለት ሞተው እሱ ተርፎ ይሆናል። ወይም አባት ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰሞን «የኔ እሸት አንተ ነህ» ብሎት ይሆናል። ስሙ በአንድ ቤት በአንድ ቀን የተነገረ ቃል ነው። የጎንደርና የጎጃም ስሞች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ማረው፣ ይታየው፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ተተካ፣ ዘገየ። እያንዳንዱ የአንድ ቤት ዜና ነው። ማስረሻ የተባለው ልጅ ምን እንደሚያስረሳ ቤቱ ያውቃል፤ ምትኩ የማን ምትክ እንደሆነም ጎረቤት ያውቃል። ማስረሻን ለልጅ ልጁ የቤተሰብ ስም አድርጎ ማውረስ ማለት እንግዲህ፣ ሐዘኑን ላላየ ሰው ሐዘኑን ማውረስ ነው።

በነገራችን ላይ «እሸቴ» እና «እሸቱ» አንድ አይደሉም። እሸቱ የራሱ ስም ሆኖ የሚታወቅ ሲሆን፣ ኢኮኖሚስቱን ዶክተር እሸቱ ጮሌን፣ በሞስኮው ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘውን እሸቱ ቱራን ያስታውሷል። እነዚህን ሁለቱን ዘመድ ያደረገ ማውጫ አላየሁም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያ ስማቸው ስለሆነ። የውጭው ማውጫ የመጀመሪያውን ስም እንደ ግጥምጥሞሽ፣ ሁለተኛውን ስም እንደ ደም ይቆጥራል። ለኛ ግን ሁለቱም ያው ስም ናቸው፤ እሸቴ የተሰማ አባት ከመሆኑ በፊት ራሱ እሸቴ ተብሎ የተጠራ ሕፃን ነበር።

አንዳንድ ሰው «የቤተሰብ ስም የሌለን ኋላ ስለቀረን ነው» ሲል እሰማለሁ። ይህን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴም እዚያው በጌምድር ውስጥ ነው ያለው። በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ነበር። ትውልዱ ግን በአባት ብቻ አይቆጠርም። ሰው በእናቱም፣ በአያቱ እናትም፣ በቅድመ አያቱም በኩል ወደ ዋናው አባት፣ ወደ አቅኚው ቆጥሮ መሬት ይጠይቃል። ሙግቱ ላይ የሚቆመው ሰው የሰባትና የስምንት ትውልድ ስም በቃሉ መያዝ ነበረበት፤ ከነዚያ መካከል የሴቶቹ ስም ከወንዶቹ አያንስም። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ አንድ የቤተሰብ ስም ምን ይሠራለታል? ግማሹን ርስቱን ያስጥለዋል! በእናቱ አያት በኩል የሚደርሰውን መሬት አንድ ስም አይነግረውም፤ ዝርዝሩ ነው የሚነግረው። ስለዚህ የቤተሰብ ስም ያልያዝነው ስላላወቅነው አይደለም። ከአንድ ስም የበለጠ ብዙ ስም ያስፈልገን ስለነበር ነው። ሚስትም ባሏን አግብታ የአባቷን ስም የማትጥለው፣ ከዚያ በኩል የምትጠይቀው ስላላት ጭምር ነው። አማት ለምራቷ አዲስ የቁልምጫ ስም ልታወጣላት ትችላለች፤ የአባቷን ስም ግን አትነካባትም።

የቤተ ክህነቱም ወግ ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ናት። የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባም በዚያው አካባቢ ነው፤ በእስቴ በኩል ደግሞ የራሱ የዜማ መንገድ ያለው ቆማ ፋሲለደስ አለ። ከየአገሩ ወደ እነዚህ ደብሮች የሚመጣ ተማሪ በአባቱ ስም ሳይሆን በመጣበት አገር ይጠራል፤ ሲመረቅም የሚከተለው የመምህሩና የጉባኤው ስም ነው። ማን አስመሰከረህ ይባላል እንጂ የማን ቤት ነህ አይባልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ሲሞት ካህኑ በፍትሐቱ የሚጠራው የክርስትና ስሙን ነው። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ የተቀበሉት ስም። እሸቴም እሸቱም እዚያ ላይ አይጠሩም። እዚያ ላይ ሁሉም ወልደ ወይም ገብረ፣ ወለተ ወይም አመተ ነው።

ሕግ ሞክሮት ነበር። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። እንዳለው ነው የሚለው፤ እንዲኖረው አይልም። ያልነበረውን ነገር እንዳለ አድርጎ መጻፍ የሕግ ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ አገሩ ግን አልሰማውም። ስልሳ ዓመት አልፎ መታወቂያችን ላይ የሚጻፈው አሁንም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። በዚህ ረገድ ሕጉ የተሸነፈበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እኔ በበኩሌ በመሸነፉ አላዘንኩም።

ይሁን እንጂ ፍርዴን ወደ ባሕር ማዶ ብቻ ወርውሬ ብቀመጥ ሐቀኛ አልሆንም። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ምሁራን ብዙዎቹ ከኛ ይልቅ ጠንቃቆች ናቸው። በሐምቡርግ የተዘጋጀው አምስት ቅጽ ያለው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የሚያሰፍራቸው። ባሕሩ ዘውዴን የሚፈልግ ባሕሩ ዘንድ ያገኛቸዋል። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ለማያውቅም ለመማር አንድ ቀን አይፈጅም። ያልተማርነው እኛ ነን። መጻሕፍት ሻጮቻችን አለማየሁን እሸቴ ዘንድ ሲሰኩ፣ ተመራማሪዎቻችን «እሸቴ እንዳለው» ሲሉ፣ ለፈረንጁ ይመቸው ብለን የራሳችንን ሰው አባት ውስጥ ቀብረን ነው። መመቻቸትን አልጠላም፤ ግን ተመችቶት የተሳሳተ ሰው ካልተመቸው ሰው አይሻልም።

ከባሕር ማዶ ያሉት ወላጆች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ላይ መሳቅ አይገባም። እናት ከልጇ ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ፣ ስማቸው ስላልተመሳሰለ «ልጁ ያንቺ ነው ወይ?» ስትባል ሰምቻለሁ። ወንድምና እህት በአንድ ትምህርት ቤት በሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ሲመዘገቡም አይቻለሁ፤ አንዱ ሲመዘገብ የአባቱ፣ ሌላዋ ስትመዘገብ የአያቷ ስም ስለተጻፈ። እንዲህ ያለው ጣጣ ሲያጋጥም አንዱን ስም መርጦ መጽናት የግድ ይሆናል። ጓደኛዬ አባቱን መርጧል። ትክክል አደረገ፣ አላደረገም ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ያደረገው ነገር አንድ መዘዝ አለው፤ እዚህ አገር ቢሆን ኖሮ ልጁ እሷ ተብላ፣ ቀጥሎ እሱ፣ ቀጥሎም እሸቴ ሦስተኛ ሆኖ በመታወቂያዋ ላይ በሥርዓት ይቀመጥ ነበር። እዚያ ግን እሱ ራሱ ከልጁ ስም ውስጥ ወጥቷል። በሷና በአያቷ መካከል የቆመው አባት ስም የለውም። አንድ ትውልድ ተዘሏል፤ የተዘለለው ደግሞ ስሙን የጻፈው ሰው ነው።

ይህን ጽፌ ላኩለት። ስለ አምስቱ እሸቴዎችም የማውቀውን ዘርዝሬ፣ ለልጅቱ «በስም ብቻ ዘመድ አይኮንም፤ ይድነቃቸው ተሰማ የተባሉትን ግን የተሰማ እሸቴ ልጅ ብለሽ አስታውሻቸው» አልኩ። አያቷ እሸቴ ስማቸው ለምን እሸቴ እንደተባለም ጠየቅሁት። እናቱን ደውሎ ጠይቆ ነገረኝ። አያቲቱ ያማጡት ሰው ሁሉ ማሳ በወረደበት ቀን ኖሮ፣ ሴቶቹ የባቄላ እሸት በቀሚሳቸው ታቅፈው ከማሳው ሲመለሱ ልጁ ተወልዶ አገኙት። ወደ ውስጥ የገባችው የመጀመሪያዋ ሴት ናት ስሙን ያወጣችው እንጂ አባት አይደለም።

ልጅቱ መልሴን አባቷ ሲያነብላት አዳምጣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ «እሸት ምን ይመስላል?» አለችው። ጥር ነበር፣ ውጭው በረዶ። ጓደኛዬ በዚያው ማታ ከሱፐርማርኬት በረዶ ውስጥ የተቀመጠ አረንጓዴ ባቄላ በከረጢት ገዝቶ፣ በመጥበሻ ለበለበና አቀረበላት። በላችው አለኝ። ሽታው ግን አልመጣም።